ማክ፣ ዴቢያንና ፍሪቢኤስዲን በኤንኤፍኤስ ማገናኘት፦ ማኩ እምቢ አለኝ

የፒያሳዋ ኤዲተር (ጠያቂ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንዲት ፎቶና ቪዲዮ ቤት ውስጥ ኤዲተር ነኝ። ሥራችን ሰርግ፣ ምርቃትና ክርስትና ነው። ጥር ላይ ደግሞ ጥምቀት አለ። ያን ሰሞን ካሜራዎቻችን ፋሲል ባሕረ ጥምቀቱ ጋ ይውላሉ። ማታ ካርዱ ሁሉ እኔ ጠረጴዛ ላይ ይከመራል።

እስካሁን ፋይል የምንቀባበለው በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነበር። «ዲስኩን ማን ወሰደው?» የሚል ጩኸት የማይሰማበት ቀን የለም። አሁን ሁሉንም አንድ ቦታ አድርገን በኔትወርክ ልንጠቀም ወስነናል።

ያሉን ማሽኖች እንዲህ ናቸው። ትልቅ ዲስክ ያለው ዴስክቶፕ አለ፣ ዴቢያን (የሊኑክስ ዓይነት) ነው፣ ሰርቨር ያደረግነው እሱን ነው። አለቃዬ ቀለም የሚያስተካክልበት አይማክ አለ። ከዚያ ባልደረባዬ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቀው ፍሪቢኤስዲ የሚባል ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተጫነበት ማሽን አለ፣ የድሮ ሥራዎች ባክአፕ እዚያ ነው የሚገባው። ለምን ፍሪቢኤስዲ ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ። እሱን ከጠየቃችሁት ምሳ ሰዓታችሁ ያልፋል።

ሦስቱም የዩኒክስ (የድሮው ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ዘር ናቸው ብዬ ኤንኤፍኤስ መረጥኩ፣ የአንዱን ማሽን ፎልደር በኔትወርክ ለሌሎቹ የሚያጋራውን ማለቴ ነው። ዴቢያኑ ላይ ኤክስፖርትስ ፋይሉ ውስጥ (የሚጋራው ፎልደር የሚጻፍበት ነው) ፎልደሩን አስገባሁ፣ ለቤቱ ኔትወርክ በሙሉ ማንበብም መጻፍም ፈቀድኩ። አሁን ያሉብኝ ነገሮች፦

ማኩ ማውንት አያደርግም፣ የሰርቨሩን ፎልደር ከራሱ ጋር አያገናኝም። «ኦፕሬሽን ኖት ፐርሚትድ» ብሎ ድርቅ ይላል፣ በሱዶም (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ያው ነው። የሚገርመኝ ከራሱ ከማኩ ላይ «ሾውማውንት» (ሰርቨሩ የሚያጋራውን የሚዘረዝር ትዕዛዝ) ስል ፎልደሩ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል።

ፍሪቢኤስዲው ማውንት ያደርጋል፣ ፋይሎቹንም ያነባል። መጻፍ ግን ተከልክሏል። የተጠቃሚ ስማችን ሦስቱም ላይ «ስቱዲዮ» ነው። ፓስወርዱም አንድ ነው። ታዲያ ምን አጣላቸው?

ሌላው መብራት ነው። ትናንት ማታ ጠፋ። ሰርቨሩ ዩፒኤስ የለውም፣ ፍሪቢኤስዲው አለው (ለሰርቨሩ የተገዛው ዩፒኤስ እንዴት እዚያ እንደደረሰ ባልደረባዬ ያውቃል)። ሰርቨሩ ሲጠፋ ፍሪቢኤስዲው ላይ ፎልደሩን ልዘረዝር የሞከርኩበት ተርሚናል ደረቀ። ኮንትሮል ሲ ብል አይሰማም። መብራት ሲመጣ ምንም እንዳልተፈጠረ ካቆመበት ቀጠለ። ይሄ ጤንነት ነው?

ማራኪ ሰፈር

ሳምባ ጫኚና ተገላገይ፣ እሱም ፎልደር ማጋሪያ ነው። ማክም ዊንዶውስም ያውቀዋል። ኤንኤፍኤስ የአያቶቻችን ነው።

የአዘዞ ልጅ

ሳምባም እኮ ልጅ አይደለም። ይልቅ ወደ ጥያቄዋ እንመለስ።

እህቴ፣ የማኩ ነገር የታወቀ ነው። ዩኒክስ ላይ ከ1024 በታች ያሉትን ፖርቶች (የኔትወርክ በር ቁጥሮች) መክፈት የሚችለው ሩት (የማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ) ብቻ ነው ተብሎ ነው የተለመደው። የሊኑክስ ኤንኤፍኤስ ሰርቨርም የማውንት ጥያቄ ከነዚያ ፖርቶች ካልመጣ አይቀበልም። ማክ ደግሞ ካልነገሩት በቀር ከላይኛው ፖርት ነው የሚነሳው። ሾውማውንት ዝርዝሩን ብቻ ስለሚጠይቅ ማንም አይከለክለውም። ሰርቨሩ ላይ ሎጉን ክፈቺና እዪው። «ኢሊጋል ፖርት» የሚል መስመር፣ አጠገቡ ሃምሳ ሺህ ምናምን ቁጥር ታገኛለሽ።

መፍትሔው፣ ማኩ ላይ ማውንት ስታደርጊ «ሬዝቭፖርት» የሚለውን ኦፕሽን መጨመር ነው። ወይ ሰርቨሩ ላይ ኤክስፖርትስ ውስጥ «ኢንሴኪዩር» ማለት ይቻላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ የሚያነሳው ይህቺኑ የፖርት ፍተሻ ብቻ ነው። ዛሬ ላፕቶፑን ይዞ መጥቶ ኬብል የሚሰካ ሰው ሁሉ በራሱ ማሽን ላይ ሩት ስለሆነ ፍተሻው ብዙም አያድንም። እኔ ግን ማኩ ላይ ብታስተካክዪው ይሻላል ባይ ነኝ።

ደግሞ ማውንት የምታደርጊበትን ፎልደር ማኩ ላይ ሩት ዳይሬክተሪ (የዲስኩ ዋና ፎልደር) ሥር አትፍጠሪ። ካታሊና ከሚባለው የማክ ቨርዥን ወዲህ፣ በፈረንጆቹ ከ2019 ጀምሮ ማለት ነው፣ እዚያ መጻፍ አይቻልም። በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ አድርጊው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤክስፖርትስ ውስጥ በአድራሻውና በቅንፉ መካከል ስፔስ እንዳይኖር። ስፔስ ካለ ሊኑክስ ሁለት ነገር አድርጎ ነው የሚያነበው። ለጻፍሽው አድራሻ ማንበብ ብቻ ይሰጥና በቅንፉ ውስጥ ያለውን ፈቃድ ለዓለም ሁሉ ይበትነዋል። የስንቱን ቤት ሰርቨር በዚህች ባዶ ቦታ ተከፍቶ አይቻለሁ።

የፒያሳዋ ኤዲተር

ሬዝቭፖርት ሠራ! ተባረክ። ስፔሱንም አየሁ፣ የለም።

አሁን ግን ሌላ ጉድ። ለሙከራ ብዬ አንድ ፎልደር ለሁሉም ክፍት አደረግኩና ከሦስቱም ማሽን አንድ አንድ ፋይል ጻፍኩበት። ዴቢያኑ ላይ ቆሜ ሳይ፣ የራሱ ፋይል ባለቤት «ስቱዲዮ» ነው። ከፍሪቢኤስዲ የመጣው ስም የለውም፣ 1001 የሚል ቁጥር ብቻ። ከማኩ የመጣው ደግሞ ባለቤቱ 501፣ ግሩፑ «ዳያልአውት»።

ዳያልአውት ምንድን ነው? እኛ ቤት ሞደም የለም። ያንኑ ፋይል ፍሪቢኤስዲው ላይ ሳየው ደግሞ ግሩፑ «ስታፍ» ነው ይለኛል። አንድ ፋይል እንዴት ሁለት ግሩፕ ይኖረዋል?

የሰን ዘመን ሰው

ልጄ፣ ግሩፑ አንድ ነው። ቁጥሩ 20 ነው። ማክ 20ን ስታፍ ይለዋል፣ ፍሪቢኤስዲም እንደዚያው። ዴቢያን ግን 20 ቁጥርን ከጥንት ጀምሮ ለሞደም ተጠቃሚዎች ሰጥቶታል። በሽቦው ላይ የሚያልፈው ቁጥሩ ብቻ ነው። ስሙን እያንዳንዱ ማሽን ከራሱ መዝገብ አውጥቶ ይለጥፍበታል። «ስቱዲዮ» የምትሉትም ያው ነው። ዴቢያን ለመጀመሪያው ሰው 1000 ይሰጣል፣ ፍሪቢኤስዲ ከ1001 ይጀምራል፣ ማክ ከ501። ሰርቨሩ የሚያየው ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎችን ነው። ፓስወርዳችሁን ደግሞ ጭራሽ አይጠይቅም።

እኔ አሁን ጡረተኛ ነኝ፣ ጎንደር ተመልሼ ተቀምጫለሁ። በሥራ ዘመኔ ውጭ አገር ነበርኩ። አንድ ክፍል ውስጥ የሰን፣ የኤችፒ፣ የአይቢኤምና የሲሊከን ግራፊክስ ኩባንያዎች ማሽኖች ጎን ለጎን ነበሩን። አራቱም ዩኒክስ ነን ይላሉ፤ የሚስማሙበት ነገር ግን ጥቂት ነበር። ሶላሪስ (የሰን ዩኒክስ) ላይ ፎልደር የምናጋራው «ሼር» በሚል ትዕዛዝና «ዲኤፍኤስታብ» በሚባል ፋይል ነው፣ ኤአይኤክስ (የአይቢኤም ዩኒክስ) ላይ ኤክስፖርትስ ነው። ኖባዲ የሚባለው ባዶ ተጠቃሚ እንኳ ሊኑክስ ላይ 65534 ነው፣ ሶላሪስ ላይ 60001። ባልደረባሽ ፍሪቢኤስዲውን ሰርቨር ላድርገው ቢል የዴቢያኑን ኤክስፖርትስ ገልብጦ እንዳያስገባ ንገሪው። የፋይሉ ስም አንድ ነው፣ አጻጻፉ ሌላ። እዚያ ቅንፍ የለም፣ ኦፕሽኑ በሰረዝ ነው የሚጀምረው።

ይህ ሁሉ የመጣው ነገሩ ከተሠራበት ዘመን ነው። ሰን ኤንኤፍኤስን የሠራው በፈረንጆቹ 1984 ነው። ያኔ ኔትወርኩ ላይ ያለው ማሽን ሁሉ የመሥሪያ ቤቱ ነው፣ ሩቱም የሚታወቅ ሰው ነው። ደንበኛው ማሽን «እኔ 1000 ነኝ» ካለ ሰርቨሩ ያምነዋል። ለሩት ብቻ ነው የማያምነው፣ «ሩት ስኳሽ» የሚባለው እሱ ነው፣ ሩት ነኝ ያለውን ወደ ኖባዲ ያወርደዋል። በሱዶ ብትሞክሪም መጻፍ የማትችዪው ለዚህ ነው። ሩት ስኳሹን አንሺው የሚል ምክር ታገኚ ይሆናል። አታንሺው።

ለእናንተ ቤት እኔ እንዲህ ባደርግ ነው የምመርጠው። የፍሪቢኤስዲውን «ስቱዲዮ» ቁጥር ከ1001 ወደ 1000 ቀይሩት። በእጁ ያሉትን የድሮ ፋይሎችም ባለቤትነት አብራችሁ ቀይሩ፣ አለዚያ ባልደረባሽ በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል። ማኩን ግን 501ን አትንኩበት። የማክ ተጠቃሚ ቁጥር መቀየር የማያልቅ ጣጣ ነው። ይልቅ ኤክስፖርትስ ውስጥ ለማኩ አድራሻ ለብቻው መስመር ጻፉና «ኦል ስኳሽ»፣ «አኖንዩአይዲ 1000»፣ «አኖንጂአይዲ 1000» በሉ። ከማኩ የሚመጣ ማንኛውም ሰው እንደ 1000 ይቆጠራል። ከዚያ «ኤክስፖርትኤፍኤስ» በ«አርኤ» ብላችሁ ዝርዝሩን ማደስ ነው፣ ሪስታርት አያስፈልግም።

ይህ እርስ በርስ ለምትተማመኑ ሰዎች ነው። ዋይፋዩ ደንበኛም የሚገባበት ከሆነ፣ ለምሳሌ ሙሽሮች ፎቶ ሊመርጡ መጥተው የሚጠቀሙት ከሆነ፣ ሰርቨሩን ከዚያ ለዩት።

መብራቱን ማታ እመለስበታለሁ። ዋናው ነገር እሱ ነው።

የአዘዞ ልጅ

ጋሼ፣ የኤንኤፍኤስን ቨርዥን 4 ቢጠቀሙ ይሄ ሁሉ አይቀርም ነበር? እሱ ላይ እኮ ስም ነው የሚላከው። ስምና ቁጥር የሚያዛምድ አይዲማፕዲ የሚባል ፕሮግራም አለ። ስማቸው አንድ ከሆነ ቁጥሩ ቢለያይ ምን ያደርጋል?

የሰን ዘመን ሰው

ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ቨርዥን 4 በፈረንጆቹ 2000 ሲወጣ ስም ይላካል ተብሎ ነበር፣ እውነትም የፋይል ባለቤትን ለማሳየትና ለመቀየር በስም መላክ ይችላል። ፈቃድ የሚመረመረው ግን በሌላ በኩል ነው። ከርቤሮስ (ማንነት የሚያረጋግጥ ሥርዓት) ከሌለ እያንዳንዱ ጥያቄ ግንባሩ ላይ የሚለጥፈው ያንኑ የድሮ ቁጥር ነው። ውጤቱ የባሰ ግራ ያጋባል፤ ዝርዝሩ ላይ ባለቤቱ «ስቱዲዮ» ተብሎ በትክክል ይታይሃል፣ ልትጽፍ ስትል ትከለከላለህ። ከርቤሮስ ካስገባህ ነገሩ ይስተካከላል፣ ግን ሦስት ማሽን ላለው ቪዲዮ ቤት ከርቤሮስ ምን በወጣው!

ቨርዥን 4 ያለው እውነተኛ ጥቅም ሌላ ነው። አንድ ፖርት ብቻ፣ 2049ን፣ ፋየርዎል ላይ ከፍተህ ትገላገላለህ። ቨርዥን 3 ፖርትማፐር የሚባለውን አገልግሎት በ111፣ ማውንትዲ የሚባለውን ደግሞ ሌላ ፖርት ላይ ይፈልጋል። እኔ ግን ለማኩ 3ን ነው የምመክረው።

አሁን መብራቱ።

ልጄ፣ ተርሚናሉ መድረቁ ጤንነት ነው። «ሃርድ» ማውንት ይባላል። ሰርቨሩ ሲጠፋ ደንበኛው እስኪመለስ ድረስ ያለማቋረጥ ይጠይቃል፣ ፕሮግራሙም ይጠብቃል። «ሶፍት» ብትዪው ጥቂት ሞክሮ ስህተት ይመልሳል፣ ተርሚናሉም ይለቅሻል። የሚያምር ይመስላል። ግን የአንድ ሰዓት ሰርግ ኤክስፖርት እየተደረገ መሃል ላይ ሶፍት ማውንት ተስፋ ከቆረጠ፣ ፕሮግራሙ ስህተቱን በአግባቡ ካልያዘው ግማሹ የተበላሸ ፋይል ይተርፍሻል። ሃርድ ይሁን። ፍሪቢኤስዲውና ማኩ ላይ «ኢንተር» የሚለውን ጨምሩ፣ ኮንትሮል ሲ ይሰማችኋል። ሊኑክስ ደንበኛ ቢኖራችሁ እሱ ኦፕሽኑን ከተወው ቆይቷል፣ ፕሮሰሱን በኪል 9 መግደል ግን ይቻላል።

ሰርቨሩ ላይ «ሲንክ» መሆኑን እዩ። ካልነካችሁት ሲንክ ነው። አንዱ መጥቶ «ኤሲንክ አድርጉት፣ ይፈጥናል» ይላችኋል። ይፈጥናል፣ እውነት ነው። ምክንያቱም ሰርቨሩ ዳታው ዲስክ ላይ ሳይቀመጥ «ጽፌዋለሁ» ብሎ ይመልሳል። እዚያች ቅጽበት መብራት ከጠፋ ማኩ ተጽፏል ብሎ ያምናል፣ ዲስኩ ላይ የለም፣ ማንም ስህተት አያይም። መብራት በማይጠፋበት አገር ይሞክሩት።

ከዚያ ደግሞ መብራት ሲመለስ ምን እንደሚሆን አስቡ። ሦስቱም ማሽን እኩል ይነሳሉ። ትልቁን ዲስክ የያዘው ሰርቨር ዲስኩን ይፈትሻል፣ ይዘገያል። ፍሪቢኤስዲው ኤፍኤስታብ (ማሽኑ ሲነሳ ማውንት የሚያደርጋቸው ዝርዝር) ውስጥ ማውንቱ ከተጻፈ ቀድሞ ይነሳና ሰርቨሩን ሲጠብቅ ቡት ላይ ይቆማል። «ቢጂ» የሚለውን ኦፕሽን ስጡት፣ ከበስተኋላ እየሞከረ ይነሳል።

የሥራው ዲስክ በዩኤስቢ የተሰካ ከሆነ ደግሞ ይህን ስሙኝ። መብራት ሲመለስ ዲስኩ ሳይነሳ ሰርቨሩ ቢነሳ ባዶውን ፎልደር ያጋራል። እናንተም ሳታውቁ እዚያ ትጽፋላችሁ፣ ሲስተም ዲስኩን ትሞላላችሁ፣ በኋላ ዲስኩ ሲነሳ የጻፋችሁት ሁሉ ከሥሩ ይደበቃል። ኤክስፖርትስ ውስጥ «ኤምፒ» የምትል ኦፕሽን አለች። ዲስኩ በትክክል ማውንት ካልሆነ ፎልደሩን አታጋራም። ብዙ ሰው አያውቃትም።

ራውተሩም ሲነሳ አድራሻ እንዳይቀያይርባችሁ ለሦስቱም ቋሚ አድራሻ ስጡ። ለማኩ ለብቻው መስመር ጻፉ ብያለሁና የማኩ አድራሻ ከተቀየረ መስመሩ አይሠራም።

ዩፒኤሱን ለሰርቨሩ መልሱ።

ማራኪ ሰፈር

እሺ ጋሼ፣ ሳምባዬን ይዤ ተቀምጫለሁ።

የፒያሳዋ ኤዲተር

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ኦል ስኳሹ ሠርቷል። አለቃዬ ከማኩ የጣለውን እኔ ዴቢያኑ ላይ እከፍታለሁ፣ አርሜ መልሼ አስቀምጣለሁ። የፍሪቢኤስዲውም ቁጥር ተቀይሯል። የዩፒኤሱ ድርድር ቀጥሏል።

ሁለት ትናንሽ ነገሮች ቀርተዋል። አለቃዬ ፎልደር ሲሰይም ድርሰት ነው የሚጽፈው። የሙሽራው ስም ከነአባቱ፣ የሙሽሪት ስም ከነአባቷ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ አዳራሹ፣ ቀኑ፣ «ሁለተኛ እርማት የመጨረሻ»። ማኩ ላይ ይቀበለዋል። ወደ ሰርቨሩ ሲገለብጠው «ስሙ ረዝሟል» ይባላል። ሁሉም ላይ አይደለም፣ አንዳንዱ ላይ ብቻ። ደግሞ በእንግሊዝኛ የጻፈው ከዚያ ቢረዝም እንኳ ያልፋል።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ማኩ ላይ አሁን የተጻፈ ፋይል ከስድስት ሰዓት በፊት የተጻፈ ይመስላል። ባልደረባዬ «አዲስ የሆነውን ብቻ ገልብጥ» የሚል ስክሪፕት አለው። ማኩ ላይ ታርሞ የቆየውን ሥራ «ሰርቨሩ ላይ ያለው ይበልጣል» እያለ ይዘለዋል።

የአዘዞ ልጅ

የስሙን እኔ ልመልስ። የዴቢያኑ ዲስክ ፋይል ሲስተም (የፋይል አቀማመጥ ሥርዓት) ኤክስት 4 ከሆነ ለአንድ ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ነው፣ የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ በአማርኛ ከተጻፈ ከ85 ፊደል አያልፍም። ማክ የሚቆጥረው ፊደሉን እንጂ ባይቱን ስላልሆነ እዚያ ላይ አይሰማውም። የአባት ስም ይቅር በሉት።

የሰን ዘመን ሰው

ልክ ነህ። በሌላ በኩል ግን ፊደላችን አንድ ነገር አተረፈልን። የድሮው የማክ ፋይል ሲስተም እንደ ፈረንሳይኛ ያለውን ምልክት ያለበት ፊደል ለሁለት ሰብሮ ነበር የሚያስቀምጠው። ሊኑክስ ላይ ያንኑ ስም ቢጽፉት አይገናኙም፣ ሁለት ፋይል ይሆናሉ። በዚህ ስንት ሰዓት ተሰቃይቻለሁ። የግዕዝ ፊደል የሚሰበር ክፍል የለውም፣ እንዳለ ያልፋል።

የሰዓቱ ደግሞ ስድስት ሰዓት ስትዪ ሳቄ መጣ። አለቃሽ የማኩን ሰዓት በሐበሻ አቆጣጠር ሞልቶታል፣ አይደል? ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ማኩም ሁለት እንዲል።

የፒያሳዋ ኤዲተር

አዎ! ራሱ እንዲስተካከል የሚያደርገውን አጥፍቶ በእጁ ነው የሞላው። «በፈረንጅ ሰዓት ሙሽራ አላስጠብቅም» ይላል። እንዲቀይር ብነግረው አይሰማኝም።

የሰን ዘመን ሰው

አይቀይር። ኤንኤፍኤስ ላይ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የፋይሉን ሰዓት የሚመታው ሰርቨሩ ነው፣ ማኩ ዲስክ ላይ የቆየውን ደግሞ ማኩ ራሱ። የሁለቱ ሰዓት ከተለያየ «አዲሱ የቱ ነው» የሚል ማንኛውም ስክሪፕት ይሳሳታል። ስለዚህ እውነተኛው ሰዓት በሦስቱም አንድ ይሁን፣ ከኢንተርኔት ራሱ ይውሰድ። ኢንተርኔት ሲጠፋ ደግሞ ሁለቱ ከሰርቨሩ እንዲወስዱ ማድረግ ይቻላል።

ማኩ የሚያሳየውን ብቻ በታይም ዞን ለውጡለት። ሰዓት ራሱ እንዲስተካከል አብሩት፣ ታይም ዞኑን በእጅ ቦነስ አይረስ አድርጉት። አርጀንቲና ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት ወደኋላ ናት፣ እኛ ሦስት ወደፊት። ልዩነቱ ድፍን ስድስት ሰዓት ነው፣ በአሁኑ ጊዜ በክረምትና በበጋም አይቀያይሩትም። አለቃሽ የሐበሻ ሰዓቱን ያያል፣ ፋይሎቹ ትክክለኛውን ሰዓት ይይዛሉ። ቀኑ ግን ማኩ ላይ የሚዞረው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው፣ ሌሊት የሚሠራ ከሆነ ያንን ንገሪው።

የፒያሳዋ ኤዲተር

ቦነስ አይረስ ገባን። አለቃዬ «እኔ ድሮም ትክክል ነበርኩ» እያለ ነው። ስክሪፕቱን ዛሬ ማታ እንደገና እናስነሳዋለን፣ ተዘልለው የቆዩትን ይዞ ከመጣ እዚሁ እጽፋለሁ።